ሽለላ በፓንክ ሮክ ሲታጀብ፦ ጌታቸው መኩሪያ፣ «ዘ ኤክስ» እና ያልተቋጨው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የኔዘርላንድስ የፓንክ ሮክ ባንድ የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት አምስተርዳም ላይ ሲያከብር፣ ከተጋበዙት ሙዚቀኞች አንዱ ዕድሜው ወደ 70 የተጠጋ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፤ ሽለላውንም ለቀቀው። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙዎች ያልጠበቁት ነው። ቀጣዩን አልበሙን ከእነዚሁ ፓንኮች ጋር መሥራት እንደሚፈልግ ራሱ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» የዚህ ጥያቄ ውጤት ነው።

ከአልበሙ ጋር ክርክሩም አብሮ ተወለደ። አንዱ ወገን «ይህ ሽለላ አይደለም፣ ጩኸት ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሽለላ ከተቀረጸ ጀምሮ እንዲህ ባለ ኃይል ተሰምቶ አያውቅም ባይ ነው። ክርክሩ የአውሮፓ ሙዚቃ ሐያስያን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መቅረቱ ግን ያስቆጫል። ስለ ሽለላ ለመፍረድ ከማንም በላይ የሚቀርቡ ሰዎች በምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣና ቢቸና ውስጥ አሉና።

የሽለላ ዳኞች

በምሥራቅ ጎጃም ሽለላን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሠርግ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ ቀረርቶውን ሲጀምር ጭብጨባው ይቆማል። የሚቆጠር ምት የለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይስበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይይዘዋል፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ይጥለዋል። ደሙ የፈላ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይልና ጋቢውን አስተካክሎ፣ ዱላውን ጨብጦ ወዲያና ወዲህ መንጎራደድ ይጀምራል። «ዘራፍ!» ሲል ቤቱ ይነቃል። የአባቱን ስም ይጠራል፣ ወገኑ የዋለበትን ጦር ሜዳ ይቆጥራል። ተቀማጩ «ጎሽ! በለው!» እያለ ያነሳሳዋል።

ፎካሪው ያልዋለበትን ከቆጠረ ግን የሚያውቁት ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል። ማንም ቆሞ አይከራከረውም፤ ዝም ይሉታል። ዝምታው ፍርድ ነው። አዝማሪውም ቢሆን ግጥሙ ከላላ ወይም ድምፁ ከቀዘቀዘ «ጎሽ» የሚለው አያገኝም። ሂስ ከጨዋታው በኋላ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የጨዋታው አካል ነው። ይህ አገር ሥራ መዝኖ መፍረድን ከቅኔ ቤትም ተምሮታል። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ የተሰበረ ቤት ወይም የላላ ምሥጢር ካለው እዚያው ይታረማል።

ሽለላው ደግሞ ለጌጥ የቆየ አይደለም። ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው አምስት ዓመታት፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በቢቸና አካባቢና በዓባይ በረሃ ሲዋጉ፣ አርበኛውን የሚያሰባስበው ጥይት ብቻ አልነበረም። ያመነታውን የሚያስነሳ፣ የሸሸውን የሚያሳፍር፣ የወደቀውን በስሙ የሚያስጠራ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ያን ሥራ የሠሩት ቀረርቶና ፉከራ ናቸው።

ከማሲንቆ ወደ ሳክስፎን

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ የያዛቸው መሣሪያዎች ማሲንቆና ክራር ናቸው፤ ክላርኔትና ሳክስፎን የመጡት በኋላ ነው። በ1941 ዓ.ም. ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀለ። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ወደዚያው አመራ፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተዛወረ።

የዚያ ዘመን ባንዶች በኖታ የሚሠሩ፣ ሥርዓት የጠበቁ ነበሩ። እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ መምህራን በሙዚቀኛው እጅ ያስገቡት ዲሲፕሊን ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ መሠረት ሆኗል። ጌታቸው ከዚህ ሥርዓት መካከል ሆኖ የተለየ ነገር አደረገ፤ ሸላዩ በጉሮሮው የሚያወጣውን ድምፅ ሳክስፎን ላይ አመጣው። አንዱን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፤ ትንፋሹን እየገፋ እስኪሻክር ያከርረዋል፤ ከምቱ ወጥቶ እንደ ልቡ ይሄድና ሲፈልግ ይመለሳል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፊሊፕስ ያሳተመለት ሸክላ ይህን ዘዴውን ለትውልድ አስቀምጧል። ያ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና ወጣ።

የውጭ ጸሐፊዎች ሲሰሙት ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ትዝ አሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የአሜሪካን ጃዝ ከሕጉ ያስወጡት ሰዎች። ንጽጽሩ ክብር ቢሆንም መንገዱን ያስታል። ጌታቸው ነፃነቱን የወሰደው ከኒው ዮርክ አይደለም፤ ከፎካሪው ነው።

ፓንኮቹ እነማን ናቸው?

ፓንክ እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 ኒው ዮርክና ለንደን ላይ ሲፈነዳ በሙዚቃ አፍቃሪው መካከል ትልቅ ጠብ አስነሳ። ሐያስያኑ መጫወት የማይችሉ ልጆች ጩኸት አሉት፤ ወዳጆቹ ደግሞ ሀብታም ስቱዲዮና ረጅም ሥልጠና የሌለው ሁሉ የሚናገርበት አፍ አድርገው ወሰዱት። «ሴክስ ፒስቶልስ» በንግሥቲቱ ላይ ያወጡት ዘፈን በ1977 ከቢቢሲ ታግዶ ነበር። እኛ ዘንድ ያ ዓመት የቀይ ሽብርና የሰዓት እላፊ ዘመን ነው፤ የአዲስ አበባ የሌሊት ሙዚቃ ራሱ አፉን በተያዘበት ወቅት ፓንክ መንገድ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

«ዘ ኤክስ» እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሠረተ። ስሙ የተመረጠው ግድግዳ ላይ በፍጥነት ቀለም ተነፍቶ ሊጻፍ ስለሚችል ነው። ሸክላቸውን ራሳቸው ያሳትማሉ፣ ጉዟቸውን ራሳቸው ያደራጃሉ፤ ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ 1936ቱ የስፔን አብዮት አራት ዘፈኖችን ከፎቶግራፍ መጽሐፍ ጋር አወጡ። ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው በ1936፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ ነው፤ ፋሽስት ጣሊያን ፍራንኮን ለመርዳት ወደ ስፔን ጦር መላክ የጀመረችውም በዚያው ዓመት ነው። እነዚህ ፓንኮች በዘፈን የዘከሩት ትግልና የጎጃም አርበኛ የሸለለበት ጦርነት አንድ ጠላት ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ሙዚቃቸውን አቀረቡ፤ ጊታር ተጫዋቹ ቴሪ በራሱ አሳታሚ በኩል የኤርትራዊቷን ድምፃዊት የጸሓይቱ በራኺን ሥራ አውጥቷል። ከጌታቸው ጋር የሆነው ግን ከሁሉም ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር አብረው ተጫወቱ፤ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተሰኘ ሁለተኛ አልበም አወጡ። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ስሙ ከእነሱ ጋር ተያይዞ ሲጠራ ኖረ።

ነቃፊና ደጋፊ

የነቃፊዎቹ ሙግት በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛው የድምፅ ነው፦ የኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ሻካራ ናቸው፣ ቅኝቱን ይሸፍናሉ፣ የሳክስፎኑን ለዛ ያደፈርሳሉ። ሁለተኛው የክብር ነው፦ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ጎፈር ደፍቶ ለአውሮፓ ወጣቶች መጨፈሪያ መሆኑ ይከነክናቸዋል። ሦስተኛው የትርጉም ነው፦ ሽለላ ቃል ነው፤ የማን ልጅ፣ የት የዋለ፣ ለምን የሞተ የሚል ምስክርነት ነው። ቃሉ ሲወጣለት የሚቀረው ስሜት ብቻ ነው።

ስለ ድምፁ የሚነሳውን ነቀፌታ አልቀበልም። ሽለላን በትዝታ ሚዛን የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ ሻካራ ሆኖ ያገኘዋል። ሸላይ ድምፁን አያለሰልስም፤ የሚከረክር ድምፅ የሥራው ዕቃ ነው። የፓንክ ጊታርም እንደዚያው ነው። አልበሙ ውስጥ ያለውን «ቼ በለው» ልብ ብሎ የሰማ ሰው ባንዱ ምን ቦታ እንደያዘ ይገባዋል። ጊታሮቹ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ይመታሉ፤ የባንዱ አባል ካትሪና የምትመታው ከበሮ ወደፊት ይገፋል፤ ሳክስፎኑ በላያቸው ላይ እንደ ፈቃዱ ይሄዳል። ከእሱ ጋር ፉክክር የገባ የለም። «ጎሽ! በለው!» የሚለውን ተቀማጭ ቦታ ወስደዋል። ብዙ አጃቢዎች ሽለላን በለስላሳ ኦርጋንና በተስተካከለ ምት አስረው አቀዝቅዘውታል፤ እነዚህ ግን እሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩበት።

ስለ ክብሩ የሚነሳውም ሙግት አንድ እውነት ይረሳል፤ ባንዱን የመረጠው ጌታቸው ነው። ከአምስት አሥርት ዓመት በላይ መድረክ ላይ የቆየ፣ በማዘጋጃ ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያለፈ ሰው አብሮት ሊጫወት የሚገባውን አይስትም። ለእሱ ብሎ ማፈር የእሱን ምርጫ መናቅ ይሆናል።

በሦስተኛው ነጥብ ግን ነቃፊዎቹ ትክክል ናቸው። ሳክስፎን የወኔውን ድምፅ ይሰጣል፤ ስም መጥራት ግን አይችልም። «ሞዓ አንበሳ»ን የሰማ የአምስተርዳም ወጣት የሽለላን ኃይል በደረቱ ይሰማዋል፤ ዓባይ በረሃ ማን እንደወደቀ ግን ሊያውቅ አይችልም። ይህን ጉድለት ባንዱ ሊሞላው አይችልም፤ ሥራው የእሱ አይደለምና። ሥራው የእኛ ነው።

የጌታቸው ሳክስፎን በሸክላ፣ በሲዲና በፊልም ተቀምጧል። በእነብሴ፣ በእናርጅና በቢቸና ሽማግሌዎች አንደበት ያለው ቀረርቶ ግን ከባለቤቱ ጋር እየተቀበረ ነው። የአርበኞቹን ስም እየጠራ የሚፎክረው ትውልድ ከሞላ ጎደል አልፏል፤ ልጆቹ የሰሙትን ይዘዋል፣ የልጅ ልጆቹ ቁርጥራጩን። መቅጃ ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ይህ መጥፋቱ የአቅም ማነስ ሊባል አይችልም። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፣ የየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ የአካባቢው ወጣቶችም ግጥሙን ከነባለቤቱ ስም፣ ከነተገጠመበት ታሪክ ቀርጸው ሊያኖሩት ይችላሉ።

«ዘ ኤክስ»ን የሚያደንቅም የሚነቅፍም የጎጃም ሰው ሙግቱን በዚህ ሥራ ቢያሳይ ይሻላል። አድናቂው እነዚያ ፓንኮች ራሳቸው እንደሚቀርጹና ራሳቸው እንደሚያሳትሙ ከእነሱ ይማር። ነቃፊው ደግሞ ጎደለ ያለውን ቃል ከአገሩ ሰው ቀርጾ ያምጣ። ሁለቱም ይህን ካደረጉ፣ ክርክሩ ባይቋጭም ሽለላው ይተርፋል።