የውጅግራው እንጨት

ውጅግራ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት ጠመንጃ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው ይህ ባለ 11 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ጥይት የሚጎርሰው አንድ በአንድ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ሌቤል ሲመጣ ጊዜው አለፈበት፤ ብዙ ውጅግራም ኢትዮጵያ ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከጮኹት ጠመንጃዎች አንዱ እርሱ ነው።

ብረቱ ዘመን ይሻገራል፤ እንጨቱ ግን ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይበላዋል። የውጅግራ ሰደፍና ብረቱን የታቀፈው እንጨት አንድ ወጥ ስለሆነ፣ ሲተካ ሙሉው ይተካል።

ባለሙያው በደንብ የደረቀ እንጨት ይመርጣል፤ እርጥብ ከሆነ ውሎ አድሮ ይጣመማል። ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ ያሳርፍበታል፤ የጠቆረውን ቦታ ብቻ በመሮ ፍቆ እንደገና ይሞክራል። ችኮላ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋልና፣ ግፊቱ በጠባብ ቦታ ላይ ካረፈ አዲሱም እንጨት ይሰነጠቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን አሮጌው የት ይደርሳል የሚለው ነው። የፋብሪካው ማኅተምና ቁጥር እንጨቱም ላይ ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የባለቤቱ ነው፦ በጠፍር የታሰረ ስንጥቅ፣ በቢላ የተቀረጸ ምልክት፣ በመዳፍ የለሰለሰ ጎን። ብረቱ የት እንደተሠራ ይነግረናል፤ ማን እንደተሸከመው የሚነግረን እንጨቱ ነው።

ስለዚህ አዲሱ ይገጠም፤ አሮጌው ግን ምድጃ አይግባ። ከጠመንጃው ጋር ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ የማን እንደነበረም ይጻፍበት። አያት የያዙትን እንጨት ያቃጠለ ቤት፣ ነገ የልጅ ልጆቹ ሲጠይቁት የሚያሳያቸው የፈረንሳይ ብረት ብቻ ነው።