በረዶ ለምን ታሪክ የለውም?

ስለ ድርቅ ሲወራ ዓመተ ምህረት መጥራት ማንንም አያቅተውም። ክፉ ቀን ብለን 1880ዎቹን እናነሳለን። የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ደግሞ ለዘውዱ መውደቅ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመውም በሱ ሰበብ ነው። በረዶስ? እስቲ በረዶ የመታበትን አንድ ዓመት ጥሩ!

አሰላንና የአርሲን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ይገርማል። እዚያ በረዶ (በኦሮምኛ ጨቢ) እንግዳ አይደለም። ከተማ ውስጥ መጀመሪያ የሚናገረው ቆርቆሮው ነው። ክፍል ውስጥ የአስተማሪው አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል፣ ሬዲዮ የከፈተ ይዘጋል፣ ሲያባራ ህጻናት ወጥተው እየለቀሙ ይበላሉ። እኛ የከተማ ልጆች በረዶን የምናውቀው በዚሁ ነው፤ እንደ ነጻ አይስክሬም።

ትንሽ ወጣ ሲባል ግን ጨዋታው ይቀራል። ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጠለያ የለውም። የገብሱና የስንዴው ጉዳት ደግሞ በወሩ ይለያያል። ሐምሌ ላይ፣ ቡቃያው አጭር ሳለ ቢመታ ከስሩ ሊያገግም ይችላል። መስከረም ላይ፣ ዛላ ካወጣ በኋላ ከመጣ ግን የሚተርፈው ለከብት ነው። ከሁሉ የሚከፋው የጎረቤት ማሳ አረንጓዴ እንደሆነ መቆሙ ነው። ድርቅ አገር ያዳርሳል፤ በረዶ ማሳ ይመርጣል። ታሪክ ያጣውም በዚህ ይመስለናል። አንድ ቀበሌ ብቻ ያስለቀሰ ነገር ለቤተ መንግስትም ለጋዜጣም ዜና አይሆንም።

ግን ለምን አሰላ? ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚረዝመው ጭላሎ ተራራ ስር ናት። በኛ አካባቢ ሰማይ ላይ ውሃ የሚረጋው ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ የሚወርድ በረዶ አሰላ እስኪደርስ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። ቁልቁል ዝዋይ (ባቱ)፣ 1,600 ሜትር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ሆኖ ይደርሳል። የኬንያዋ ደጋ ኬሪቾም በበረዶ ብዛት በዓለም የታወቀች ናት። እዚያ የሻይ እርሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደመናው ላይ ሮኬት እስከ መተኮስ ደርሰው ነበር።

በኛ ገጠር ምክንያቱ ሲፈለግ የኖረው ሰው ላይ ነው። በዓል ሽሮ ያረሰ በረዶ ያመጣል ይባላል። ስለዚህ የተጎዳው ገበሬ ካሳ ሳይሆን ጥፋተኛ ይፈልጋል።

በ1960 ዓ.ም. ስዊድኖች የሚረዱት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አሰላ ላይ ስራ ጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ገባ፣ ምርትም ጨመረ። ባለመሬቶች ትርፉን አይተው በትራክተር እያረሱ ጭሰኛውን ማባረራቸው ብዙ ተጽፎበታል። እኛን የሚከነክነን ግን ሌላ ነው። የሲሶ ጭሰኛን በረዶ ሲመታው ባለመሬቱም አብሮ ይመታል፤ የባዶ ሲሶ ባዶ ነዋ! የማዳበሪያ ብድር ግን የሚጻፈው በብር ነው። በረዶ ማሳውን ያጠፋል እንጂ የብድር መዝገቡን አይነካም። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ባለመሬቱ ሄደ። ማዳበሪያውም በረዶውም ቀሩ፤ ኪሳራውን የሚካፈል ግን አልተተካም።

በ2001 ዓ.ም. ትግራይ፣ አዲ ሃ ላይ ለገበሬዎች የዝናብ መድን ተጀመረ። ሳተላይት ዝናብ ማነሱን ሲያሳይ ካሳ ይከፈላል። መቼም ለድርቅ ጥሩ ሃሳብ ነው። በረዶ የወረደበት ቀን ግን በዚህ ሚዛን ጥሩ የዘነበበት ቀን ነው። ለበረዶ ማሳው ድረስ ሄዶ ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ የሚገምት ሰው ያስፈልጋል፤ ለግማሽ ሄክታር ገብስ ሲል ያን ሰው ወደ ጭላሎ ግርጌ የሚልክ ኩባንያ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።