ሲሶ በሄክታር

በጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ፣ ርስት የሚቆጠረው በክፍልፋይ ነበር። አቅኚው አባት ሦስት ልጆች ከወለደ ወንዱም ሴቷም ሲሶ ሲሶ ይደርሳቸዋል፤ የአንዷ ሲሶ ደግሞ ለአራት ልጆቿ እርቦ እርቦ ይሆናል። ተከራካሪ በሽማግሌ ፊት ትውልዱን ቆጥሮ ሲጨርስ ድርሻው የመሬቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ መሆኑ ይታወቃል። የሒሳብ መምህር ነኝና ይህን ስሌት አከብረዋለሁ፤ አሥራ ሁለቱ ድርሻ ሲደመር መሬቱ ሙሉ ነው፣ የሚጎድል የለም።

ገንዘቡም እንደዚሁ ነበር። የምኒልክ ብር ወደ አላድ፣ ወደ ሩብ፣ ወደ ተሙን ይገመሳል። በ1923 ብር መቶ ማቶና፣ በ1937 ደግሞ መቶ ሳንቲም ሲሆን ተሙን 12.5 ላይ ወደቀ፤ የግማሽ ሳንቲም ገንዘብ ግን አልነበረም።

የአሥር እጁን ሒሳብ ገበሬው ያውቀው የነበረው በአሥራት ነው፤ ከአሥር ቁና አንድ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። ገማች በየሰዉ ማሳ እየዞረ ምርቱን ወደ ብር ሊቀይር ሆነ። ብቸናና ሞጣ አመፁ። ጦር ዘመተ፣ ሰው ሞተ፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ። አመፁን ከቁጥር አለማወቅ የሚቆጥሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ገበሬው የፈራው በአባቶቹ ስም የሚታወቀው ርስት በቃላድ ተለክቶ ከእጁ እንዳይወጣ ነው።

ርስት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀረ። ዛሬ ድርሻው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ በሄክታር ይጻፋል፤ ጎረቤቶቼም ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። 0.25 ማለት አንድ ቃዳ ነው እላቸዋለሁ፤ 0.375 ደግሞ ቃዳ ተኩል። እዚህ ድረስ ይስማማል፣ ግማሽም ሩብም በነጥብ ሲጻፍ ያልቃልና። ጣጣው ሲሶ ላይ ነው፤ አንድን ለሦስት ብታካፍሉ ከነጥቡ በኋላ የሚደጋገመው ሦስት ቁጥር ማለቂያ የለውም። ሦስት ወንድማማች አንድ ሄክታር ሲካፈሉ 0.33 ብለው ካስጻፉ ድምሩ 0.99 ነው፤ መቶ ካሬ ሜትር ባለቤት አጣ ማለት ነው። በዚህ አገር ድንበር ከዚያ ባነሰም ሰው ያጋድላል። 0.3333 ቢሉ ጉድለቱ አንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ጋ 0.3334 ይጻፍ፣ ማን እንደሚወስዳት ግን ዕጣ ተጣጣሉ ብዬ እመክራለሁ።