ያልተመዘገበው ደርቢ

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ማይክል ጆርዳን የቺካጎ ቡልስን ማሊያ ከመልበሱ በፊት የት ነበር? የቅርጫት ኳስ ወዳጅ መልሱን አያጣውም፤ ቻፕል ሂል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ። በ1982 የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ ያስገኘችውን ኳስ ሲያስቆጥር ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቼም ቻፕል ሂልን ያነሳ ሰው ደርሃም ከተማ ያለውን ጎረቤቱን ዱክ ዩኒቨርሲቲን ሳያነሳ አያልፍም። ሁለቱን የሚለያቸው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የግል ነው። አንዱ ውሃ ሰማያዊ ይለብሳል፣ ሌላው ጠቆር ያለ ሰማያዊ። በቅርጫት ኳስ መጀመሪያ የተገናኙት በጃንዋሪ 1920 ሲሆን ያሸነፈው ቻፕል ሂል ነበር። ዱክ ያኔ ዱክ አልነበረም፤ ትሪኒቲ ኮሌጅ ይባል ነበር። የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1924 የትምባሆው ከበርቴ ጄምስ ዱክ ኪሱን ከፈታለት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ፍቅርና ጥላቻ ምን ልበላችሁ? የዱክ ተማሪዎች የቻፕል ሂልን ጨዋታ ለማየት ደጅ ላይ ድንኳን ተክለው ሳምንታት ያድራሉ። ዱክን ለ42 ዓመታት ያሰለጠነው ማይክ ሸሼቭስኪ ጡረታ ሊወጣ በሜዳው የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረገው በማርች 2022 ነበር። ተጋጣሚው ማን ሆነ? ቻፕል ሂል! 94 ለ81 ተሸንፎ ተሰናበተ። ወር ሳይሞላ ሁለቱ ቡድኖች በአገር አቀፉ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ፤ በዚያ ውድድር ታሪክ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ቻፕል ሂል አሁንም 81 ለ77 አሸነፈና የሰውዬውን የአሰልጣኝነት ዘመን እዚያው ላይ ዘጋው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚህ ደርቢ ውስጥ ያልተቆጠረ ነገር የለም። ማን በየትኛው ዓመት ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ሁሉም በመዝገብ ሰፍሯል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስላልተመዘገበው ነው።

ሌላኛው ጎረቤት

ዱክ ከቻፕል ሂል የሚቀርብ ሌላ ጎረቤት አለው። እዚያው ደርሃም ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ። ጄምስ ሼፐርድ የተባሉ ጥቁር ምሁር በ1910 በሩን የከፈቱት ትምህርት ቤት በኋላ በክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሥር ገብቶ ከ1925 ጀምሮ «ኖርዝ ካሮላይና ኮሌጅ ፎር ኒግሮስ» ተባለ። ማን እንደሚገባበት ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

በ1940ዎቹ ደርሃም ውስጥ ጥቁርና ነጭ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለየብቻ ነው። በአውቶቡስ የሚቀመጡበት ወንበርም ለየብቻ ነው። ዱክም ሆነ ቻፕል ሂል በመጀመሪያ ዲግሪ ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል የአገራችን ሰው፤ እነዚህ ጎረቤቶች ግን በአንድ ከተማ እየኖሩ አንድ ቀን እንኳን ሜዳ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። የአገሪቱ ታላላቅ የኮሌጅ ውድድሮችም ለጥቁር ኮሌጆች ዝግ ነበሩ። ስለዚህ «በኖርዝ ካሮላይና ምርጡ ቡድን ማነው?» ሲባል መልስ የሚሰጡት ግማሾቹ ብቻ ነበሩ።

በዚህ ኮሌጅ ጆን ማክሌንደን የሚባል ወጣት አሰልጣኝ ነበር። ካንሳስ ተወልዶ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አማካሪው ጄምስ ናይስሚዝ ሆኑ። ናይስሚዝ ማለት በ1891 ቅርጫት ኳስን የፈጠሩት ሰውዬ ናቸው! ጨዋታውን ከምንጩ ተማረው ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ግን ጥቁር ስላልሆነ የሚቀበለው ተጫዋች፣ ማክሌንደን አንድም ቀን ማሊያውን ሳይለብስ በ1936 ተመረቀ።

መጫወት የተከለከለው ልጅ ማሰልጠን ጀመረ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቡድን ኳስን በዝግታ እያዘዋወረ፣ ቆም ብሎ በሁለት እጅ የሚወረውር ነበር። የማክሌንደን ልጆች ግን ይሮጣሉ። ኳስ እንደነጠቁ ወዲያው ወደ ተቃራኒው ቅርጫት ነው። ሲከላከሉም ተጋጣሚውን ሜዳውን ሙሉ እየተከተሉ መተንፈሻ ያሳጡታል። በ1944ቱ የውድድር ዘመን የተሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ከተማው ቤተ ክርስቲያን ሳለ

በዚያው ዓመት ዱክ ውስጥ ከዋናው ቡድን ሌላ ጠንካራ ቡድን ነበረ፤ የሕክምና ተማሪዎቹ ቡድን። ጦርነቱ ከየአቅጣጫው ወጣቶችን በወታደራዊ ሥልጠና ስም ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቱ አምጥቷል። ከእነሱም መካከል በቀድሞ ኮሌጆቻቸው የታወቁ ተጫዋቾች ነበሩ።

ከሁለቱ ግቢዎች ጥቂት ተማሪዎች በወወክማ አማካይነት ድምፃቸውን አጥፍተው ይገናኙ ነበር። ወሬው ከጸሎትና ከፖለቲካ ወደ ኳስ መምጣቱ አይቀርም፤ የማን ቡድን ይበልጣል? ይህ ደግሞ በአፍ የሚያልቅ ክርክር አይደለም። ማክሌንደን ተስማማ፤ ቀን ተቆረጠ።

ማርች 12 ቀን 1944 እሑድ ነው። የተመረጠችው ሰዓት ከተማው፣ ፖሊሱም ጭምር፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሆንባት ረፋድ ናት። የዱክ ልጆች በተዋሷቸው መኪኖች ተጭነው፣ ማንም እንዳይከተላቸው መንገዱን እያጠማዘዙ መጡ። ሲደርሱ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ስፖርት አዳራሹ ገቡና በሩ ተቆለፈ። ተመልካች የለም፤ ነገሩ የሸተታቸው ጥቂት ተማሪዎች በመስኮት ተንጠልጥለው ከማየታቸው በቀር። ዳኛ አለ፣ ሰዓትም አለ።

መጀመሪያ ላይ የሁለቱም ወገን እጅ ተሳስሮ ነበር። ብዙዎቹ በሌላ ቀለም ሰው ላይ ሲጫወቱ የመጀመሪያቸው ነው፤ ቢገፋው ምን ይላል፣ ቢወድቅስ ማን ያነሳዋል? ቀስ በቀስ ግን ፍርሃቱ ለቀቃቸው። የማክሌንደን ልጆች መሮጥ ጀመሩ። ያን ዓይነት ሩጫ የዱክ ልጆች አይተውት አያውቁም ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ውጤቱ 88 ለ44፤ ልክ እጥፍ!

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። እንግዶቹ ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ተጫዋቾቹን ደባልቀው ሁለተኛ ጨዋታ ጀመሩ። ገሚሱ ማሊያ ለብሶ፣ ገሚሱ አውልቆ፤ በሁለቱም ወገን ነጭም ጥቁርም አለ። ሲጨርሱ ወደ ተማሪዎች ማደሪያ ሄደው ሲጨዋወቱ ቆዩ። ከዚያ የዱክ ልጆች በመጡበት ሁኔታ ተመለሱ።

የዝምታው ዋጋ

ስለ ጨዋታው ጋዜጣ አልጻፈም፤ ነገሩን የሰማው የጥቁሮች ጋዜጣ ዘጋቢም እንዳይጽፍ ቃል ገብቶ ነበር። በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ አልሰፈረም። «ምን ያህል ቢያስፈራቸው ነው?» ለሚል አንባቢ ከአራት ወር በኋላ እዚያው ደርሃም የሆነውን ልንገረው። በጁላይ 1944 ቡከር ስፓይስሊ የሚባል ጥቁር ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በአውቶቡስ ወንበር ምክንያት ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጨቀ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሹፌሩ ተከትሎት ወርዶ ተኩሶ ገደለው። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኞች ጉባኤ 28 ደቂቃ መክሮ ሹፌሩን ነፃ ለቀቀው። ወንበር ይህን ካስከፈለ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ላብ መደባለቅ ምን ያስከፍል ነበር? ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራቸው አይችልም ነበር፤ ዝም ያሉትም ለዚህ ነው።

ዝምታው 52 ዓመት ቆየ። ስኮት ኤልስወርዝ የተባለ የታሪክ ምሁር ከማክሌንደንና ከተጫዋቾቹ አፍ ሰምቶ በ1996 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ባይጽፈው ኖሮ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበር ነበር። እስከዚያው ዓለም ተለውጧል። ዱክ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥቁር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የተቀበለው በ1963 ነው። ቻፕል ሂልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥቁር ስፖርተኛ የነፃ ትምህርት ዕድል የሰጠው በ1966 ነው፤ ተማሪው ቻርሊ ስኮት ነበር። ዛሬ ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን የሚያዩት ደርቢ ያደገው፣ ጆርዳንም የመጣው በዚህ በር ነው። ማክሌንደን ደግሞ በቴነሲ ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ ሦስት የኮሌጅ ሻምፒዮናዎችን አሸንፎ፣ በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ስሙ ሰፍሮ በ1999 አረፈ።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ «ባላንጣ» የሚለውን ቃል የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው። ዱክና ቻፕል ሂል መቶ ዓመት ሲሰዳደቡ መዋደዳቸው ነው ሊባል ይችላል፤ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይቆጣጠራሉ፣ ሽንፈታቸውን ይመዘግባሉ። ሰውን ባላንጣዬ ማለት እኩያዬ ነህ፣ ልታሸንፈኝ ትችላለህ ማለት ነው። ያ የደርሃም ኮሌጅ የተነፈገው ዋንጫውን ብቻ አልነበረም፤ ባላንጣ የመሆን ክብርንም ጭምር ነው። ሰው ሊንቀው የፈለገውን ሰው ከማሸነፍ ይልቅ አለመግጠምን ይመርጣል። ካልተገጣጠሙ ውጤት የለም፤ ውጤት ከሌለ ደግሞ «እኛ እንበልጣለን» ማለት በነፃ ነው።

እነዚያ የሕክምና ተማሪዎች ያደረጉት እንግዲህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሄደው ለካቸው፣ ተለኩም። በእጥፍ ተሸነፉ። ከዚያም ማሊያቸውን አውልቀው ለሁለተኛው ጨዋታ ተሰለፉ። የሁለተኛውን ጨዋታ ውጤት የያዘ መዝገብ የለም፤ ባይኖርም ግድ የለም።

ቸር ይግጠመን።