የርቀት ሰርቨርን በተመሰጠረ ግንኙነት ስለማስተዳደር

የግል ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የሙያ ማኅበራት የደንበኞቻቸውንና የአባሎቻቸውን መረጃ በኪራይ ሰርቨር ላይ ማስቀመጣቸው እየተለመደ መጥቷል። ሰርቨሩ የሚገኘው በሌላ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ አገር በመሆኑ ባለሙያው ከራሱ ኮምፒውተር ሆኖ ትእዛዝ በመጻፍ ያስተዳድረዋል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ሥራውን ራሳቸው ለሚያከናውኑ ወይም በባለሙያ ለሚያሠሩ ተገልጋዮች ነው።

ቀድሞ ለዚህ ተግባር ይውል የነበረው ቴልኔት የይለፍ ቃልን ጨምሮ ሁሉንም ነገር ሳይመሰጥር ያስተላልፍ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት በመጠለፋቸው የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ታቱ ኢሎነን ኤስኤስኤች የተባለውን የተመሰጠረ የግንኙነት ሥርዓት ሠሩ። ዛሬ ይህንኑ የሚሠራው ኦፕን ኤስኤስኤች የተባለ ነጻ ሶፍትዌር በሊነክስ፣ በማክ እንዲሁም በዊንዶውስ 11 ላይ ስለሚገኝ ለብቻው መግዛት አያስፈልግም።

ሆኖም መመስጠሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከማን ጋር እንደተገናኙ ማወቅም ያስፈልጋል። ወደ አንድ ሰርቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን መለያ አሻራ፣ ማለትም ረዘም ያለ የፊደላትና የቁጥሮች ድርድር፣ አሳይቶ መቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ «አዎ» ይላል። መሐል ላይ የገባ አጭበርባሪ ካለ የተመሰጠረው ግንኙነት የተፈጸመው ከእርሱ ጋር ነው። ስለሆነም አሻራውን አስቀድሞ ከአከራዩ ድርጅት የኮንሶል ገጽ ወይም ሰርቨሩን ካዋቀረው ባለሙያ በስልክ ተቀብሎ ማመሳከር ይገባል። በሌላ ጊዜ አሻራው መቀየሩን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፣ ሰርቨሩ እንደገና ተጭኖ ሊሆን ቢችልም፣ ምክንያቱ ሳይጣራ መቀጠል አይገባም።

በይለፍ ቃል ፋንታ በቁልፍ መግባት ይመረጣል። ቁልፉ ጥንድ ነው፤ ይፋዊው ክፍል በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ምስጢራዊው ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጣም። ምስጢራዊውን ክፍል በቴሌግራም እንዲላክለት የሚጠይቅ ባለሙያ ቢኖር ጥያቄው ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም፤ የራሱን ጥንድ አዘጋጅቶ ይፋዊውን ይላክ። ለአምስት ሠራተኞች አንድ የይለፍ ቃል የሰጠ መሥሪያ ቤት አንዱ በለቀቀ ቁጥር ለሁሉም መቀየር ይኖርበታል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ከተሰጠ ግን የለቀቀውን ሰው መስመር መሰረዝ ይበቃል።

በይለፍ ቃል መግባት ከመዘጋቱ በፊት የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት በቁልፉ ገብቶ መሞከር ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በሩ ከተዘጋ ቀሪው መግቢያ የአከራዩ ኮንሶል ነው። ኮንሶሉ የሚከፈተው በድረ ገጽ አካውንት ስለሆነ አካውንቱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙዎች ሰርቨሩን አጥብቀው ይህን ይዘነጋሉ። ኢንተርኔት ወይም መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ የሚሠሩ ደግሞ እንደ ቲመክስ ያለ ፕሮግራም ቢጠቀሙ ግንኙነቱ ቢቋረጥም የተጀመረው ሥራ በሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል።

የመረጃ ቋትን በሚመለከት፣ የማይኤስኪውኤል 3306 እና የፖስትግሬስ 5432 ፖርቶች ለመላው ኢንተርኔት ክፍት ሆነው መተው የለባቸውም። ቋቱ ከሰርቨሩ ውስጥ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ እንዲመልስ ተደርጎ፣ የሒሳብ ወይም የመዝገብ ሠራተኛው በኤስኤስኤች ዋሻ በኩል ይደርስበታል። ዋሻው በሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ የተከፈተን ፖርት በተመሰጠረው ግንኙነት ውስጥ አሳልፎ ከቋቱ ጋር ያገናኛል፤ ከውጭ የሚታየው የኤስኤስኤች ፖርት ብቻ ይሆናል።

ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። የግል መረጃ የሚይዝ አካልም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተጥሎበታል። በመሆኑም ለባለሙያ የሚሰጥ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ተጠቅሶ በጽሑፍ ሊሰጥ፣ ውሉ ባበቃበት ዕለትም ቁልፉ ከሰርቨሩ ሊሰረዝ ይገባል።