ክዳኑ የሚያፈስ የነዳጅ ታንክ፦ ለአሮጌ ፒክአፕ ባለንብረቶች የቀረበ መረጃ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ መስመር ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሳ የሚያወጡ አሮጌ የቶዮታ ፒክአፖች ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ ከሚታዩ ጉድለቶች አንዱ በጋራዥ አጠራር ሰልባትዮ በሚባለው የነዳጅ ታንክ ክዳን በኩል ነዳጅ መንጠባጠቡ ነው። ክዳኑን በፌስታል ወይም በጨርቅ ጠቅጥቆ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በተሽከርካሪው ሥር ይከማቻል። ናፍጣ በቀላሉ ባይቀጣጠልም አስፋልት ላይ ሲፈስ ከኋላ የሚመጣውን ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ያንሸራትታል።

አዲስ ክዳን ከመግዛት በፊት ታንኩ ከመጠን በላይ እየተሞላ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ከማደያ የሚቀዳው ነዳጅ ከመሬት በታች የተከማቸ በመሆኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ቤንዚን የሙቀት መጠኑ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ይዘቱ በ0.1 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ፣ በ60 ሊትር ታንክ ውስጥ የ20 ዲግሪ ጭማሪ ከአንድ ሊትር በላይ ትርፍ ይፈጥራል። በአዲስ አበባ ማለዳ እስከ አንገቱ ተሞልቶ ቀትር ላይ መተሐራ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በአዲስ ክዳንም ቢሆን ሊያፈስ ይችላል። የማደያው መቅጃ በራሱ ሲያቆም መጨመር መተው ይህን ያስቀራል።

ታንኩ በልክ ተሞልቶም የሚያፈስ ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ሜዳ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ይመረመራል። በአብዛኛው ጥፋቱ የሚገኘው የጎማ ማሸጊያው ላይ ሲሆን፣ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ወይም ተጨፍልቆ ይታያል። የታንኩ አንገት ከንፈር ከተጎበጠ ወይም ከዛገ ግን ክዳን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ከአንገቱ ወደ ታንኩ የሚወርደው የጎማ ቱቦም አብሮ መታየት አለበት፤ ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚወጣ ነዳጅ ከክዳኑ የፈሰሰ ይመስላልና። ሁለት ታንክ ባላቸው ላንድክሩዘሮች ሁለቱም ክዳኖች ይፈተሻሉ።

ብዙ ስህተት የሚፈጸመው በምርጫው ላይ ነው። ክዳን ሁለት ዓይነት ነው፤ መተንፈሻ ያለውና መተንፈሻ የሌለው። ታንኩ ነዳጁ በቀነሰ መጠን በምትኩ አየር ማግኘት አለበት። ተሽከርካሪው ለዚህ የተለየ የአየር ቱቦ ከሌለውና መተንፈሻ የሌለው ክዳን ከተገጠመለት፣ ማፍሰሱ ይቆማል፤ ነገር ግን ሞተሩ በመንገድ ላይ ጉልበት እያጣ ሊጠፋ ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት አየር በኃይል ሲገባ ተሰምቶ ሞተሩ እንደገና ከተነሳ፣ የነዳጅ ፓምፕ ከመቀየር በፊት ክዳኑን መመርመር ከፍተኛ ወጪ ያድናል። መተንፈሻ ለመፍጠር ሲባል ክዳኑን በምስማር መብሳት የአዳማን ነፋስ አቧራና የክረምቱን ውኃ ወደ ታንኩ ያስገባል፤ መኪናው ቢገለበጥም ነዳጁ በዚያው ይፈሳል።

ወደ መለዋወጫ መደብር የሚሄድ ባለንብረት አሮጌውን ክዳን ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። የአፉ ስፋት፣ የጥርሶቹ ብዛትና ርዝመት፣ በጥርስ የሚያያዝ ወይም በጥርዝ የሚጠብቅ መሆኑ፣ መተንፈሻውም ጭምር ከአሮጌው ጋር ይነጻጸራል። ክዳኑ ደህና ሆኖ ማሸጊያው ብቻ ካረጀ፣ ነዳጅ የሚቋቋም ጎማ መግጠም ይበቃል። ከከመነዳሪ ተቆርጦ የሚሠራው ግን ነዳጅ ሲነካው አብጦ ይለሰልሳል። በሲሊኮን ማጣበቅም አይመከርም።

አዲሱ ክዳን ከተገጠመ በኋላ የአንገቱ ዙሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ መኪናው የነዳጅ መግቢያው ወደ ቁልቁለቱ እንዲያዘነብል ተደርጎ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። እርጥበት ወይም አዲስ ሽታ ካለ ሥራው አላለቀም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ለተደነገገው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ የሚቀርቡ ባለንብረቶች ይህን ፍተሻ ከቀጠሮው ቀናት በፊት ቢያከናውኑ፣ መለዋወጫው በአቅራቢያቸው ባይገኝ ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ጊዜ ይኖራቸዋል።