ከፕሬዚዳንቱ ጥይት እስከ ሰፈራችን ቧንቧ

አዲስ አስፋልት ሲነጠፍ አይታችሁ «ይኼ ደግሞ መቼ ይቆፈር ይሆን?» ብላችሁ የማታውቁ እጃችሁን አውጡ፡፡ እኛ አላወጣንም፡፡ አንዱ ያነጥፋል፣ ሌላው ይቆፍራል፡፡ ቆፋሪው ወይ ቧንቧ ይበሳና ጎዳናው ጎርፍ ይሆናል፤ ወይ ኬብል ይበጥስና ሰፈሩ ጭጭ ይላል፡፡

ለመሆኑ ከመሬት በታች ያለውን ሳይቆፍሩ ማወቅ አይቻልም? ይቻላል፡፡ ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከመንገድ ሥራ ሳይሆን ከአንድ የቆሰለ ፕሬዚዳንት አልጋ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተተኮሰባቸው፡፡ አንዷ ጥይት ሰውነታቸው ውስጥ ቀረች፡፡ ኤክስሬይ ገና አልተገኘም፡፡ በዚህ ጊዜ የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከሽቦ ጥቅልል የተሠራ መሣሪያ ይዞ መጣ፡፡ ጥቅልሉ ብረታ ብረት አጠገብ ሲደርስ በስልክ ማዳመጫው ድምፅ ይሰማል፡፡

ቤል ጥይቷን አላገኛትም፡፡ የአልጋው የብረት ስፕሪንግ ድምፁን አዛባበት፡፡ ይባስ ብሎ ዋናው ሐኪም ዊላርድ ብሊስ «ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት» ብሎ ስላመነ ፍለጋው እዚያው በቀኝ በኩል ብቻ ሆነ፡፡ ፕሬዚዳንቱ ሴፕቴምበር 19 ቀን አረፉ፡፡ አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቷ የተገኘችው በግራ በኩል ነው፡፡ መሣሪያው ባልተላከበት ቦታ ምን ያግኝ?

ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ደግሞ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ገርሃርድ ፊሸር መጣ፡፡ ፊሸር ለአውሮፕላን አቅጣጫ የሚጠቁም ሬዲዮ ሲሠራ፣ ብረታ ብረት ወይም ማዕድን ባለበት አካባቢ ንባቡ እንደሚዛባ አስተዋለ፡፡ ሌላው እንከን ያለውን እሱ እንጀራ አደረገው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1931 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1937 «ሜታሎስኮፕ» ለተባለው መፈለጊያው የፈጠራ መብት አገኘ፡፡ የተቀበረ ቧንቧና ኬብል የሚፈልጉ ሠራተኞችም መሣሪያውን ይዘው መንገድ ወጡ፡፡

የዛሬዎቹ መሣሪያዎችም ብዙ አልራቁም፡፡ አስተላላፊው በኬብሉ ላይ ሲግናል ይለቃል፣ በኬብሉ ዙሪያ የማግኔት ኃይል ይፈጠራል፣ ሠራተኛው ተቀባዩን ይዞ ሲሄድ ድምፁ የጎላበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያደርጋል፡፡ በሥራ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ኬብልማ አስተላላፊም ሳይፈልግ ራሱን ያጋልጣል፡፡

ፕላስቲክ ቧንቧ ግን ዝም ነው፤ አብሮት ሽቦ ካልተቀበረ በዚህ መንገድ አይገኝም፡፡ «ራዳር አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል፡፡ አለ፤ ነገር ግን እርጥብ ዋልካ አፈር ሞገዱን ይውጠዋል፡፡

ዋናው ችግር ግን አሁንም ሰው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ካሊፎርኒያ፣ ዋልነት ክሪክ ውስጥ የውሃ መስመር ሲዘረጋ ኤክስካቫተር የነዳጅ ቧንቧ መታ፡፡ የፈሰሰው ነዳጅ ተቀጣጥሎ አምስት ሠራተኞች ሞቱ፡፡ ቧንቧው እዚያ ቦታ ላይ ይታጠፍ ነበር፤ መታጠፉ ግን መሬቱ ላይ አልተመለከተም፡፡ መፈለጊያ መሣሪያ ጠፍቶ ነው? አይደለም፡፡ የፊሸር ሜታሎስኮፕ ከወጣ እኮ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር፡፡ የብሊስ ነገር ተደገመ፡- ሰው «እዚህ ነው» ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይፈልጋል?

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2007 በመላ አገራቸው 811 የተባለ አጭር ስልክ ቁጥር ሥራ ላይ አዋሉ፡፡ ከመቆፈርህ በፊት ትደውላለህ፤ የመስመሮቹ ባለቤቶች መጥተው ምልክት ያደርጋሉ፡፡ መፍትሔው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የአንድ ስልክ ጥሪ ሆነ፡፡

ወደ እኛ እንመለስ፡፡ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት የኤሌክትሪክና የቴሌ መስመሮች ከምሰሶ ወርደው መሬት ውስጥ ገብተዋል፡፡ ለዓይን ያምራል፡፡ ምሰሶ ላይ ያለ ሽቦ ግን ለማንም ይታያል፤ የተቀበረውን የሚያውቀው የቀበረው ብቻ ነው፡፡ ቀባሪው ጡረታ ሲወጣ፣ ካርታውም አንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ኤክስካቫተር ላይ የሚወጣው ልጅ ምን ይዞ ይቆፍራል?

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች፡፡ ጉድጓዱ ሳይደፈን ጥልቀቱንና መታጠፊያውን መለካት፣ ከፕላስቲኩ ጋር ሽቦ መቅበር፣ ካርታውን ለሚቆፍር ሁሉ ክፍት ማድረግ ከመሣሪያው በፊት የሚቀድም ሥራ ነው፡፡